ሁለት ሸራ በርበሬ

በእነ ሐዳሳ ቤት ሥልጣን ማለት ጣሳ ነው። ጽሑፉ ከለቀቀ ብዙ ዘመን የሆነው፣ ከንፈሩ የተቆለመመ የወተት ዱቄት ጣሳ። በየዓመቱ በርበሬው ተፈጭቶ ሲመጣ እናቷ ገበያነሽ ያንን ጣሳ ይዛ ከሳፋው አጠገብ ትቀመጥና ለታላቁ ልጇ ለክብሩ ቤት፣ ለታናሹ ለእስራኤል ቤት፣ ለሟች ባሏ እህት ለሙሉጌጥ እየሰፈረች ታድላለች። ምራት ብትሆኚ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ብትሆኚ፣ ገበያነሽ ጣሳውን ሳታነሳ የዓመቱ ወጥሽ አይቀላም።

ዘንድሮ ግን ገበያነሽ የዓይኗን ሞራ ተገፈፈች። ሐኪሙ፣ «እማማ፣ ጭስ የለም፤ አቧራ የለም፤ በርበሬማ ስሙንም እንዳይጠሩት» ብሎ አንድ ዓይኗን ሸፍኖ ወደ ቤቷ ሸኛት። ጊዜው ደግሞ ጥር ነው። የማረቆ ዛላ ገብቷል፤ ያለፈው ዓመት በርበሬ ከዕቃው ሥር በማንኪያ መፋቅ ጀምሯል። ቤተ ዘመዱ ለጥየቃ በተሰበሰበበት ነገሩ ተነሳ።

«ምን ያስጨንቀናል?» አሉ አክስቷ ሙሉጌጥ። መናኸሪያ አካባቢ የጫማ ሱቅ ያላቸው፣ ነገር ማስረዘም የማይወዱ ሴት ናቸው። «ተዘጋጅቶ፣ ታሽጎ የሚሸጥ ሞልቷል። ለዘንድሮ እንግዛ። እንዲያው ከዘንድሮስ በኋላ ማን ይወቅጣል? ጊዜው አለፈበት እኮ።»

ሐዳሳ ግን የእናቷን ጣቶች አየች፤ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለሉ ይፈታሉ።

«እኔ አዘጋጃለሁ» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ቻይና በርበሬ መውቀጥም ያስተምራሉ እንዴ?» አለ እስራኤል።

«ያስተምራሉ» አለ ክብሩ። «በማታው ክፍለ ጊዜ ነው።»

ሳቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሐዳሳ ቼንግዱ በምትባል የቻይና ከተማ ስድስት ዓመት የውሃ ምህንድስና ተምራ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነው። በዚህች ዓመት ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቤት ገብታ ወጥታለች፤ አልጋዋን ከግድግዳ ግድግዳ ስታዞር ኖራለች። ሐይቅ ዳር ወርዳ የተጠበሰ ዓሣ ስትበላ እንኳ «ጣዕሙ እውነት የድሮው ነው ወይስ የድሮው እንዲሆን የፈለግኩት እኔ ነኝ?» ብላ አብሯት የተቀመጠውን ሰው ታደናግራለች። ለምን ሄድኩ፣ ለምን መጣሁ፣ ብሄድስ ምን ይቀርብኛል የሚል ጥያቄ ከጫማዋ ጋር ነው የሚራመደው።

በርበሬ ላይ ግን ጥርጣሬ አልነበራትም። ለምን እንዳልነበራት ራሷም ገርሟታል። እናቷ ስትወቅጥ ወንፊት ይዛ ከጎኗ ስታስነጥስ ያደገችው እሷ ናት። ቼንግዱም እያለች ምላስ የሚያደነዝዘውን የአገሩን ቅመም እየበላች ጓደኞቿን፣ «የእናንተ በርበሬ ያቃጥላል እንጂ አይናገርም» ትላቸው ነበር። ይኼን ያለችበት ቋንቋ ተሰባብሮ ነበር፤ ሐሳቡ ግን አልተሰበረም።

ዘመዱ ከተበተነ በኋላ እናቷ ጠራቻት።

«ሐዱዬ፣ ነገሩን ታውቂው እንደሆን ብዬ ነው። ከተበላሸ ሌላ ዛላ አይገዛም፤ ዘንድሮ እንደ ወርቅ ነው። ደግሞ ከተበላሸ ሙሉጌጥ ልክ ነበረች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ይኼ ቤት የሱቅ በርበሬ ነው የሚበላው፤ ጣሳዬንም አበባ ትተክሉበታላችሁ።»

«አይበላሽም፣ እማዬ።»

«እሺ። ጨው ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር አብሮ ይወቀጣል። ከዚያ በፊትም አይደለም፣ ከዚያ በኋላም አይደለም።»

«ከዚያ በኋላ» ያለችው ጎረቤቷን ነካ ለማድረግ ነው። ከሐይቁ ዳር ባለችው ከተማቸው፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ያለው ግቢ ሁለት ቤትና አንድ የውጭ በር አለው። በአንደኛው ቤት እነ ገበያነሽ፣ በሌላው ከስልጤ የመጡት ሙንተሃና የሸቀጥ ሱቅ ያላቸው ባለቤታቸው ሙክታር ይኖራሉ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን አንድ ላይ አሳድገዋል፤ አንዷ በሌላዋ ሐዘን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተስማሙት በጨው ብቻ ነው። ሙንተሃ ጨው የሚጨምሩት በርበሬው ደርቆ ወደ ወፍጮ ቤት ሊሄድ ሲል ነው። ገበያነሽ ደግሞ ጨው ሳይነካው የደረቀ በርበሬ እንግዳ ነው፣ ቤተሰብ አይሆንም ባይ ናት። ስለዚህም በየዓመቱ አንዷ ለሌላዋ ቅምሻ ትልካለች፤ ሌላዋም «ወይ ጣዕም! እጅሽ ይባረክ!» ትልና በሯን ስትዘጋ፣ «ጨው አያውቁበትም እንጂ» ትላለች።

ዘንድሮም እንደ ወትሮው ሙክታር የሁለቱንም ቤት ዛላ ከማረቆ በአንድ መኪና፣ እኩል እኩል አስመጡ። ማስጫውን ሸራ ከሱቃቸው አወጡ፤ ሁለቱም ሰማያዊ። ሙንተሃ ረመዳን ሳይገባ ለማድረስ ቸኩለዋል። ሐዳሳም ቸኩላለች፤ እሷ ግን የቸኮለችው ሰዎች መሳቃቸውን ሳይረሱ ለማሳየት ነው።

ዛላውን ቀነጠሰች፤ አጠበች፤ አሰጣች። ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ጥፍሯ ሥር ገብቶ አቃጠላት። ዝንጅብሉን፣ ቀይ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውን አዘጋጀች፤ የእናቷ ምልክት የሆነውን ጤና አዳም ደግሞ ከጓሮ ቆረጠች። ከዚያ ሙቀጫው ተጀመረ። ገበያነሽ በመስኮቱ መስተዋት በስተጀርባ፣ አንድ ዓይኗን ሸፍና፣ እንደ ጦር አዛዥ ተቀምጣለች።

«ዘነዘናውን አትጣይው፣ አውርጂው!»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ድምፁ! አሁን ድንጋይ እየፈለጥሽ ነው። በርበሬ ሲወቀጥ እህ ነው የሚለው።»

«እህ እያለ ነው።»

«እህ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ሙንተሃ ከማዶ በረንዳቸው ላይ በርበሬያቸውን እያገላበጡ ሳቁ። «ተያት ገበያነሽ፣ ጎበዝ ናት። ክንዷን አታይም?»

«ክንዷንማ አያለሁ፤ አንድ ዓይን ለክንድ ይበቃል» አለች ገበያነሽ።

ሐዳሳ ጨዉን ስትጨምር በእፍኟ ይዛ ወደ መስኮቱ አሳየቻት። እናቷ አንገቷን ነቀነቀች። በርበሬው ተወቅጦ አለቀ፤ ታምቆ አደረ፤ በማግስቱም ሁለቱ ሰማያዊ ሸራዎች ከግቢው መካከል ጎን ለጎን ተዘረጉ። ቀይ በቀይ፤ ሽታቸው መንገደኛውን ከአጥር ውጭ ያስነጥሰዋል።

በጥር ዝናብ ማን ይጠብቃል? ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ማዶ ጥቁር ደመና ተነሳ፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳ፤ የመጀመሪያው ጠብታ የሐዳሳን አፍንጫ መታ። ወደ ሸራዎቹ ስትዞር ሙንተሃም ከቤታቸው እየሮጡ ነበር።

እዚህ ላይ ሐዳሳ ያደረገችውን በኋላ ስታስበው ሊገባት አልቻለም። የዓመቱን ተስፋዋን የያዘው ሸራ እግሯ ሥር ነበር። እሷ ግን ዘልላው ሄዳ የሙንተሃን ሸራ አራቱን ጫፍ ሰበሰበች። ማንም አላዘዛትም። በልጅነቷ «መጀመሪያ የሰው፣ ቀጥሎ የራስሽ» እየተባለች ስላደገች እግሯ አስታውሶ ይሆናል። ቀና ስትል ሙንተሃ የእሷን ሸራ ጠቅልለው ታቅፈውታል።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ልጅ? የራስሽን አታነሺም?»

«እርስዎስ?»

«ሩጪ! ሩጪ!»

ዝናቡ ወረደ። ሐዳሳ የሙንተሃን ጥቅል ታቅፋ ወደ ራሷ በረንዳ፣ ሙንተሃ የሐዳሳን ታቅፈው ወደ ራሳቸው በረንዳ ገቡ። ከዚያ በኋላ ከበረንዳ በረንዳ መተያየት እንጂ መሻገር የሚቻል አልነበረም፤ ግቢው ኩሬ ሆነ። ዝናቡ እስኪመሽ አላባራም።

ሐዳሳ በማግስቱ ገና ወፎች ሲንጫጩ ተነሳች። ሰማዩ ጠርቷል። ሙንተሃን መቀስቀስ ነውር ስለሆነ፣ ከበረንዳዋ ላይ ያለውን ጥቅል በዝግታ አንስታ ወደ ማዶ ወሰደች፤ እዚያ የነበረውን ይዛ ተመለሰች። ሸራውን ስትፈታ በርበሬው ዳር ዳሩን ብቻ እርጥበት ነክቶታል። ደረቷ ሞላ። ዝናብ እንኳ አላሸነፋትም።

በርበሬው ደረቀ። ኮረሪማውን፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱን፣ ድንብላሉን አምሳ ቀላቀለች። ከሙንተሃ ጋር በአንድ ባጃጅ ወደ ወፍጮ ቤት ሄዱ። እዚያም «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «አይ፣ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ሽሮ የያዘች ሴት በመካከላቸው ልትገባ ስትል ነው አንድ ሆነው የተከላከሏት። አስነጥሰው፣ አልቅሰው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ ተመለሱ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ሐዳሳ ከአዲሱ በርበሬ ትንሽ በውሃና በዘይት ለውሳ በሳህን አቀረበች። ቀለሙ እንደ አዲስ ጡብ ነው። ሁሉም እንጀራ ቆረሰ፤ ሁሉም አጠቀሰ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

ሙሉጌጥ ቀደሙ። «ጨው የለውም።»

«እንዴት?» አለች ሐዳሳ።

«እኔ ምን ላውቅ፤ ቻይና የለም እንዴ ጨው?»

ገበያነሽ በጣቷ ቀመሰች። «ስትጨምሪ አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «በእፍኝሽ አሳይተሽኛል። ወይስ ይኼ ዓይኔ...» ብላ የተሸፈነውን ዓይኗን በጨርቁ ላይ ዳበሰችው። ሐዳሳን ከሁሉም በላይ የወጋት ይኼ ነው። በርበሬው ሳይሆን እናቷ ያየችውን መጠራጠሯ።

«ይኼማ ምን ያስቸግራል» አሉ ሙሉጌጥ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «ጨው ፍጪና ጨምሪበት፤ አለቀ። ይታረማል።»

እውነት ነው፣ ይታረማል። አንድ እፍኝ ጨው ብቻ ነው። ክብሩም እስራኤልም ተስማሙ፤ ምራቶቹም ዕቃቸውን ይዘው መጥተዋል። ሐዳሳ ጨዉን ልታመጣ ተነሳችና መንገድ ላይ ቆመች። ጣቷን እንደገና ላሰችው። ዝንጅብሉ በርትቷል። በሶብላው ከኋላ ይመጣል፤ እሷ ስትወቅጥ ያን ያህል አልጨመረችም። ጤና አዳሙስ? ፈለገችው። የለም።

«ይኼ የኛ አይደለም» አለች።

«ምን?»

«የእትዬ ሙንተሃ ነው። የኛ ያለው እሳቸው ጋ ነው። እሳቸው ደግሞ...» ተመልሳ ሳህኑን አነሳች። ሙንተሃ ጨው የሚጨምሩት ወፍጮ ቤት ሊሄዱ ሲሉ ነው።

«ኧረ ተይ» አሉ ሙሉጌጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለታችሁም በእጃችሁ አለ። እነሱ ካልጠየቁ ምን አነሳሳሽ? የእኛ በእፍኝ ጨው ይድናል።»

«የእሳቸውስ በምን ይድናል? ጨው ይጨመራል እንጂ ይለቀማል እንዴ?»

ሳህኑን እንደያዘች ግቢውን ተሻግራ ወጣች።

ሙክታር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። ከጎናቸው ባዶ ጆግ አለ። ሐዳሳን ሲያዩ ብርጭቆውን ከወንበሩ ሥር ደበቁት።

«ውሃ ጠማዎት፣ ጋሼ?»

«ሙቀቱ ነው» አሉ ሙክታር። ሰማዩ ግን ደመና ነበር።

ሙንተሃ ከጓዳ ወጡ። ፈገግታቸው ትንሽ ፈጠነ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! በርበሬው ደረሰ? የኛም አልሃምዱሊላህ፣ በጣም ቆንጆ ሆኗል።»

«እስቲ ፊቴ ይቅመሱት።»

«አሁን ጠግቤ...»

«በጣትዎ ብቻ።»

ሙንተሃ ባላቸውን አዩ፤ ባላቸው ጆጉን አዩ። «ትናንት ቀምሰነዋል» አሉ በመጨረሻ። «ትንሽ ጨው በዛ መሰለኝ። ምን ችግር አለው፣ ወጡን አልጫ አድርጌ በሱ አጣፍጠዋለሁ ብዬ...»

«ትንሽ?» አሉ ሙክታር። «ሐይቁ ቢመጣ አያለዝበውም!»

ሐዳሳ ሳህኑን አቀረበችላቸው። ሙንተሃ ቀመሱ፤ ቆሙ፤ ዓይናቸው ሰፋ። የራሳቸውን እጅ አወቁት።

«የኔ! ይኼ ከየት መጣ?»

«ከኛ ቤት። ዝናቡ ጊዜ የተቀያየረውን እኔ በማግስቱ ጠዋት መልሼ ነበር። ወፍ ሲንጫጫ።»

ሙንተሃ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔ እኮ ለሱብሂ ሶላት ስነሳ መለስኩት! እንዳልቀሰቅሳችሁ ብዬ ጫማዬን አውልቄ ነው የመጣሁት።»

«ከእኔ በፊት?»

«ካንቺ በፊት!»

አንዷ የመለሰችውን ሌላዋ መልሳ ወስዳዋለች ማለት ነው። አንድም ሰው ቢያኮርፍ፣ አንድም ሰው ቢሰንፍ፣ በርበሬው ቤቱን አይስትም ነበር። ሙክታር መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሙንተሃ፤ ሳቁ ግቢውን ተሻግሮ ገበያነሽን ከመስኮቱ ጠራት።

«ምንድን ነው? አንድ ዓይን ያለው ሰው አይነገረውም?»

ተነገራት። ፊቷ ተፈታ። «ጨዉን አይቼ ነበር ማለት ነው» አለች። ለሷ ዋናው ይኼ ነበር።

ነገር ግን በርበሬው አልዳነም። ሁሉም ወደ ግቢው ወጥቶ ሲመካከር፣ ሐዳሳ ቆማ ታሰላለች። ከመጣች ጀምሮ ይኼን ያህል ጸጥ ያለ ጭንቅላት አልነበራትም። ለምን፣ እንዴት፣ ወይስ የሚሉት ድምፆች ሁሉ የሆነ ቦታ ሄደዋል።

«ሸራውን ዘርጉ» አለች። «አንዱን ብቻ። ሁለቱንም በርበሬ እንቀላቅለዋለን።»

«ምን?» አሉ ሁለቱ እናቶች በአንድ አፍ።

«መጠኑ እኩል ነው፤ ዛላውም አንድ መኪና ላይ ነው የመጣው። አንዱ ጨው የለውም፤ አንዱ ሁለት ጨው አለው። ሲደባለቁ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጨው ይደርሳቸዋል።»

«የኔ በርበሬ ከዚያ ሁሉ ዝንጅብል ጋር?» አለች ገበያነሽ።

«ጤና አዳም እኮ ለሆድ ቁርጠት ነው» አሉ ሙንተሃ፤ እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው።

ሁለቱ ተያዩ። ያ ሁሉ ዓመት በር እየተዘጋ የተባለው ነገር በድንገት ግቢው መካከል ቆሞ ነበር። ሐዳሳ ልትስቅ ፈለገችና ከንፈሯን ነከሰች።

«እትዬ ሙንተሃ ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ ያነሱት የማንን ነው?» አለች።

«የናንተን።»

«ለምን?»

«ምን ማለትሽ ነው? እናትሽ ታማለች፤ በርበሬያችሁ...» አቆሙ።

«እማዬ፣ አንቺስ ብትሆኚ የማንን ታነሺ ነበር?»

«ምን የሚጠየቅ ነገር አለ?» አለች ገበያነሽ፤ ከዚያ እሷም አቆመች። ቆይታ፣ «ዘርጉት» አለች።

ሙሉጌጥ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ «ስድስት ዓመት የተማርሽው ይኼንን ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አክስቴ። ዛሬ ገና ሥራ ላይ ዋለ።»

ክብሩና እስራኤል አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ አስረው ሁለቱን ሳፋ ገለበጡ። ሐዳሳ በአንድ በኩል፣ ሙንተሃ በሌላው ሆነው ደጋግመው በወንፊት ነፉት። ግቢው ሁሉ አስነጠሰ። ገበያነሽ መስኮቷን ዘግታ ከመስተዋቱ ጀርባ በጣቷ ታዝዛለች፤ ድምፅዋ አይሰማም፤ ማንም ግን አልተቸገረም፤ ምን እንደምትል ያውቃሉ።

እንደገና ተለወሰ። ለገበያነሽ በበሩ ክፍተት ገባላት። ቀመሰች።

«የዝንጅብሉ ነገር» አለች፤ ሌላ ቆረሰች። «መጥፎ አይደለም።»

«ጤና አዳሟም ከኋላ ነው የምትመጣው» አሉ ሙንተሃ። «አትታወቅም።»

ሐዳሳ የምታየው ግን አክስቷን ነበር። ሙሉጌጥ አንድ ጊዜ አጠቀሱ። ሁለተኛ አጠቀሱ። ሦስተኛውን የቆረሱት ሰፋ አድርገው ነው፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስለ ታሸገው በርበሬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከቦርሳቸው ክዳን ያለው ትልቅ ዕቃ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«በይ እንግዲህ» አሉ። «ደህና አድርገሽ ስፈሪልኝ።»

«የምሰፍረው እኔ አይደለሁም» አለች ሐዳሳ። «ጣሳው...»

በሩ በትንሹ ተከፈተ። የገበያነሽ እጅ ብቻ ወጣ። ከንፈሩ የተቆለመመውን ጣሳ ይዟል።

«ሐኪሙ ከልክሎኛል» አለች ከውስጥ። «ደግሞ ለመጪው ዓመትም ይከለክለኛል መሰለኝ።»

ሐዳሳ ጣሳውን ተቀበለች። ከጠበቀችው ይልቅ ቀላል ነበር። ወንድሞቿ ዕቃቸውን ገፋ ገፋ አደረጉ፤ አክስቷ የራሳቸውን ከፊት አስቀድመዋል። ሐዳሳ በነሱ ሁሉ ላይ ተሻግራ የሙንተሃን ሳፋ ሳበች፤ የመጀመሪያውን ጣሳ በርበሬው ውስጥ ነከረችና አነሳች።

«ሐዱ» አለች እናቷ ከበሩ ጀርባ። «ሞላ?»

«ከንፈሩ የተቆለመመ ነው እኮ፣ እማዬ። እስከየት ነው ሙሉ የሚባለው?»

«እስኪፈስ።»